እቃ ቤት የገባው ጥቅስ

«እስካሁን እየተንቀጠቀጥኩ ነው! እጄን እዩት፣ እዩት እስኪ! ጉልበቴማ የኔ መሆኑም ቀርቷል!»

ይህን ያለችው ረድኤት ናት። እሁድ ረፋድ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር ቁጭ ብላ ነው ያለችው። ምንታምር አጠገቧ ተቀምጣ እጇን ይዛ «ኧረ ተረጋጊ፣ አልፏል እኮ» ትላታለች። ታረቀኝ ደግሞ ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ ይስቅ ያልቅስ ሳይለይለት የጫማውን ጫፍ ያያል። በሦስቱ መሃል፣ ድንጋይ ላይ፣ በቀይ ክር የታሰረ አንድ ቁልፍ ተቀምጧል። ሦስቱም ይፈልጉታል። አንዳቸውም አላነሱትም።

ቁልፉ እዚያ ድንጋይ ላይ እንዴት እንደደረሰ ስሙ። «በአንድ ወቅት» እንዳይባል ነገሩ ገና አልበረደም። እናንተ ግን በአንድ ወቅት እንደሆነ ቁጠሩት፣ ምክንያቱም ፍርዱ መጨረሻ ላይ እናንተው ጋ ነው የሚመጣው።

ከሆሳዕና ወደ ታች ወረድ ሲባል በምትገኝ ትንሽ ከተማ ውስጥ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አለች። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮዋ ሰባኪውን ዝም የሚያሰኝ ዓይነት ናት። ከጓሮዋ የልጆች ክፍል አለ። ክፍሉን ለብዙ ጊዜ የያዘችው እህት ዘውድነሽ አግብታ ወደ ሐዋሳ ስትሄድ ቁልፉን ለሽማግሌዎች አስረከበች፣ ልጆቹን ደግሞ ለሦስት ረዳቶቿ ተወች።

አንዱ ረዳት ታረቀኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ የእጅ ጽሑፉ በማሽን የታተመ ይመስላል። ሰርግ ያለበት ቤት ሁሉ የጥሪ ካርዱን ይዞ እሱ ጋ ነው የሚሮጠው። ሁለተኛዋ ምንታምር ናት። እሷ ደግሞ ፊት ለፊት ተናጋሪ ናት፤ ውሻ ያለበት ግቢ ሲሆን ሁሉም ወደ ኋላ ይልና እሷ ናት በሩን የምታንኳኳው። ሦስተኛዋ ረድኤት ናት፣ ዘጠነኛ ክፍል። ዓመቱ ሲጀመር ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያቅታት ልጅ ነበረች። አንድ ቀን የባዮሎጂ መምህሯ ድንገት ሰሌዳው ጋ አወጣት፤ የልብን ሥዕል ሥላ፣ ደም በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ እየተንተባተበች አስረዳች። ክፍሉ አጨበጨበላት። ከዚያ ወዲህ እጇን ታወጣለች። እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ታወጣለች።

የግማሽ ዓመቱ እረፍት ሲገባ ልጆቹ በየጠዋቱ ክፍሉን ይሞሉት ጀመር። ሥራው እንዲህ ነው፤ አንድ ጥቅስ ይነበባል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ልጅ ጥቅሱ ለራሱ ምን እንዳለው ይጽፋል። በአፍ ሲያወሩት ቀላል ነው። ልጆቹ ግን በሕይወታቸው ስለ ቃለ እግዚአብሔር ሲናገር የሰሙት ሰባኪውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰባኪ ሆነው ቁጭ አሉ!

አንዱ ጥርሱ የወለቀ ልጅ «የተወደዳችሁ ቅዱሳን» ብሎ ጀመረ። አንዷ ሦስት መስመር ጽፋ «ሰዓቱ ስለገፋብኝ እዚህ ላይ ላብቃ» ብላ ዘጋች። ሌላውማ «አጠገብህ ላለው ሰው ተባርከሃል በለው» ብሎ ከጻፈ በኋላ፣ እውነትም ዞሮ አጠገቡ ያለውን ልጅ በክርኑ ጎሸመው።

ታረቀኝ ተስፋ ቆረጠ። ምንታምር ተቆጣች። ረድኤት ግን ሰሌዳው ጋ ወጣች።

«ስሙኝማ ልጆች። መጋቢ አትሁኑ። መጋቢ አለን፣ ይበቃናል። ይህ ጥቅስ እንግዳ ሆኖ ቤታችሁ ቢመጣ የት ነው የሚቀመጠው? ማንን ያያል? ምንስ ይላል? እሱን ጻፉ።»

እንዲህ ስትላቸው እስክሪብቶው ሁሉ መንጫጫት ጀመረ። ወንድማማቾች አብረው ቢቀመጡ መልካም ነው ለሚለው ጥቅስ አንዱ ልጅ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ጥቅሱ ቤታችን ሲመጣ እኔና ወንድሜ በአንድ ብርድ ልብስ ስንጓተት ያገኘናል። ብርድ ልብሱ አጭር ነው ይላል። ከዚያ መሃል ይተኛል።» ረድኤት ይህን ስታነብ ሌላ ሰው የሆነች መሰላት።

ጋሽ ላምቤቦ ግን አልጣማቸውም። ጋሽ ላምቤቦ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ናቸው፣ ቁልፉም እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው ያለው።

«ሕፃን ልጅ ጥቅሱን ይሸምድድ እንጂ» አሉ፣ «ምን ሐሳብ አለው ብላችሁ ነው የምታስጽፉት?»

«አለው ጋሼ» አለች ረድኤት። ድምጿ ቀጠነ እንጂ አልጠፋም።

ጋሽ ላምቤቦ አዩዋት። «እንግዲያው እሁድ በጉባኤው ፊት ያንብቡ። ደህና ከሆነ ቁልፉን ከሦስታችሁ ለአንዳችሁ እሰጣለሁ፣ ክፍሉን ይምራ። ካልሆነ ግን ወደ ሽምደዳው እንመለሳለን።»

ረድኤት ያንን ቁልፍ ፈለገችው። ልብ በሉ፣ ይቺ ልጅ ምሳ ሲታደል እንኳ «ጨምሩልኝ» ብላ የማታውቅ ልጅ ናት።

ቅዳሜ ደረሰ። የዕለቱ ጥቅስ ስለ ጾም ነበር፤ ስትጾሙ ሰው እንዳያውቅባችሁ ራሳችሁን ተቀቡ፣ ፊታችሁንም ታጠቡ የሚለው። ልጆቹ ጽፈው ሲጨርሱ በመጀመሪያ እጇን ያወጣችው ማራናታ ናት። ማራናታ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ የጋሽ ላምቤቦ የመጨረሻ ልጅ።

«ነገ እኔ ላንብብ! ስለ አባዬ ነው የጻፍኩት። ግን እንዳትነግሩት፣ ድንገት ይስማው! እሺ በሉ!»

«እሺ» አሉ ሦስቱም። ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወረቀቱን አነበቡት። እንዲህ ይላል፦

«ጌታ ስትጾሙ ሰው አይወቅባችሁ ብሏል። ይህ ጥቅስ ቤታችን ቢመጣ እቃ ቤት ነው የሚቀመጠው። ምክንያቱም አባዬ ረቡዕ ረቡዕ የጾም ጸሎት ሊመራ ሲል እቃ ቤት ይገባና ቆጮ በጎመን ይበላል። ከዚያ አፉን ይጠርጋል። ፊቱን ይታጠባል። መላጣውን ቫዝሊን ይቀባል። ከዚያ ይሄዳል። እንደሚጾም እንዳይታወቅበት ብሎ እስከ መብላት ደርሷል። እንደ አባዬ ተደብቆ የሚጾም ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም ሳድግ እንደ እሱ መጾም እፈልጋለሁ።»

ምንታምር አግዳሚውን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። ረድኤት ደግሞ ከመጀመሪያውም አልሳቀችም፣ ፊቷ አመድ ሆኗል።

«ልጅቷ እኮ እያመሰገነችው ነው» አለች።

«ምስጋናው ነው የሚገድለን» አለ ታረቀኝ። «ለማራናታ እንንገራት፣ ሌላ ትጻፍ።»

«ምን ብለን? አባትሽ እየጾመ አይደለም፣ ያታልላል ብለን?» አለች ምንታምር።

ሳይስማሙ ተለያዩ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዳቸው ያደረጉትን በደንብ ስሙ።

ታረቀኝ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቀረ። ባዶ ወረቀት አወጣና፣ ያ ሰርግ የሚያስጠራ እጁ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እጅ እስኪመስል ድረስ ፊደሎቹን እያጋደለ ጻፈ፦ «አባዬ ይጾማል። እኔም ሳድግ እጾማለሁ። ጌታ ይመስገን።» የልጅቷን ወረቀት ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ የራሱን በቦታው አኖረ። አንድ አባት በመንጋው ፊት እንዳይዋረድ፣ አንዲት ልጅም ባልገባት ነገር ቤቷ ገብታ እንዳትገረፍ ብሎ ነው። ለማንም አልተናገረም።

ምንታምር አመሻሽ ላይ ጋሽ ላምቤቦ በር ላይ ቆመች። አንኳኳች፣ ውሻው ጮኸ፣ እሷም ደግማ አንኳኳች። ጋሽ ላምቤቦ ወጡ።

«ጋሼ፣ ማራናታ ነገ የምታነበውን ማወቅ አለብዎት ብዬ ነው።»

«ምን ጻፈች?»

«ረቡዕ ረቡዕ እቃ ቤት ገብተው እንደሚበሉ።»

ጋሽ ላምቤቦ የበሩን እንጨት ያዙ። «ማራናታ?»

«ክፋት የለበትም ጋሼ። እንደ እርስዎ የሚጾም የለም ብላ ነው የጻፈችው። በጣም ነው የምትወድዎት።»

«ደህና እደሪ» አሉና በሩን ዘጉት። ምንታምር ለልጅቷ «እሺ» ያለችውን አፍርሳ ነው የሄደችው። ታውቃለች። እሷም ለጓደኞቿ አልተናገረችም።

ረድኤትስ? ረድኤት ቅዳሜ ምንም አላደረገችም። ቤቷ ገብታ ብርድ ልብስ ተከናነበች። እናቷ «አሞሽ ነው?» ስትላት «አዎ» አለች። «ቤታችሁን ጻፉ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ» እያለች ስትገላበጥ ዋለች። የእሷ ተራ እሁድ ነው የመጣው።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ፊት ተደረደሩ። የብርድ ልብሱ ልጅ አነበበ፣ ሰው ሳቀ፣ እናቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። «ማራናታ ላምቤቦ» ተባለ። ማራናታ ማይኩ ጋ ሄደች፣ ወረቀቷን ከፈተች፣ አየችው። ገልብጣ ጀርባውንም አየችው።

«ይሄ የኔ አይደለም» አለች በማይኩ። «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም። ቆጮው የታለ?»

ጉባኤው ምኑም ሳይገባው በሳቅ ፈረሰ። ማራናታ ግን ማልቀስ ጀመረች። ከኋላ አንዲት ሴት «ሰው የጻፈላትን ነበር ልታነብ የመጣችው እንዴ?» ስትል ተሰማ።

ያኔ ታረቀኝ ተነሳ። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቶ በመሃል መተላለፊያው ተራመደ፣ ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ፣ በማይኩም «የሷ ይሄ ነው» አለ። «የቀየርኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ አልዋሸችም፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ።» ወረቀቱን ሰጥቷት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ማራናታ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። «እቃ ቤት» ላይ ስትደርስ ጥቂት ሰው ፈገግ አለ። «ቆጮ በጎመን» ላይ ዘማሪዎቹ አፋቸውን ያዙ። «አፉን ይጠርጋል» ላይ ግን ቤቱ በሙሉ ጸጥ አለ። የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ወንድም ኤርጫፎ እጃቸውን ወደ ማይኩ ዘርግተው መጡ።

«በቃ፣ በቃ የኔ ልጅ፣ ጌታ ይባርክሽ፣ ተቀመጪ።»

«ትጨርስ!»

ረድኤት ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር ልትል ነበር። ራሷ ናት። ቆማለች። ከዚያም እግሯ ወደፊት ወስዷት ማራናታ አጠገብ አድርሷታል።

«ይቅርታ ወንድም ኤርጫፎ፣ ትጨርስ። መጨረሻውን አልሰማችሁትም። ክፉ አልጻፈችም። ቤትሽን ጻፊ ያልኳት እኔ ነኝ፣ የሚቆጣ ሰው ካለ እኔን ይቆጣ።»

እጇን የልጅቷ ትከሻ ላይ አደረገች። ከሩቅ ላየው ልጅቷን የምትደግፍ ትመስል ነበር። እውነቱን ለመናገር ደጋፊዋ ልጅቷ ነበረች። ወንድም ኤርጫፎ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ማራናታም ጨረሰች፦ «እንደ አባዬ ተደብቆ የሚጾም ሰው አይቼ አላውቅም። እኔም ሳድግ እንደ እሱ መጾም እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ላምቤቦ ከፊተኛው ወንበር ቀስ ብለው ተነሱ።

«ልጄ የጻፈችው እውነት ነው» አሉ። «ቆጮውም እውነት ነው፣ ጎመኑም እውነት ነው።» እጃቸውን መላጣቸው ላይ አደረጉ። «ቫዝሊኑም እውነት ነው።»

አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ።

«ስኳር አለብኝ ወገኖቼ። ሐኪሞቹ ባዶ ሆድህን እንዳትውል ካሉኝ ቆይቷል። ግን እናንተን ጹሙ እያልኩ እኔ እበላለሁ ማለት አፈርኩ። ትናንት አንድ ሰው በሬ ድረስ መጥቶ ዛሬ የሚነበበውን ነገረኝ። መጀመሪያ ተቆጣሁ። ዛሬ አልመጣም ብዬም ነበር። ሳወጣ ሳወርድ አደርኩና፣ ልጄ ያከበረችኝን ያህል እውነተኛ ልሁን ብዬ መጣሁ።»

ከሴቶቹ በኩል እማማ ጡሚሴ ብድግ አሉ። «ተመስገን! እኔም የደም ብዛት ኪኒኔ በባዶ ሆድ አይሆንልኝም፣ ረቡዕ ረቡዕ ዳቦ በመሀረብ ቋጥሬ ነው የምመጣው! ስታጎነብሱ እገምጣለሁ!» መሀረቡንም አውጥተው አሳዩ። ከዚያ በኋላማ ሳቁን ማን ያቁመው? ከወዲህም ከወዲያም «እኔም» የሚል ተነሳ። ጋሽ ላምቤቦ ማራናታን አንስተው አቀፏትና «ከእንግዲህ የታመመ ሰው በግልጽ ይብላ፣ ጠግቦም ይጸልይ» አሉ። ማራናታ በጆሯቸው «አባዬ፣ አሁን ግን ሁሉም አወቀብህ» አለቻቸው፣ እያዘነችላቸው።

ጉባኤው ሲበተን ጋሽ ላምቤቦ ወደ ጓሮ፣ ወደ ውሃ ታንከሩ መጡ። ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«ክፍሉ ይቀጥላል፣ መጻፉም ይቀጥላል» አሉ። «ግን ለማን ልስጠው? ሦስታችሁም አጥፍታችኋል፣ ሦስታችሁም አድናችሁኛል። እኔ ደግሞ ዛሬ በማንም ላይ የምፈርድበት አፍ የለኝም። ተነጋገሩበት።» ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ። ረድኤት ያኔ ነው እጄን እዩት ያለችው።

ቀድሞ የተናገረው ታረቀኝ ነው።

«ለኔ ይገባል። ዝም ብል ኖሮ ልጅቷ በሰው ሁሉ ፊት ውሸታም ሆና ትቀር ነበር። በጉባኤ ፊት ዋሸሁ ማለት ቀላል መሰላችሁ?»

«መጀመሪያውኑ ባትቀይረው ምን ትናዘዝ ነበር?» አለች ምንታምር። «እኔ በራቸው ድረስ ሄጄ ባልነግራቸው ኖሮ ዛሬ ማራናታን በጆሮዋ ይዘው ነበር የሚወጡት። ለኔ ነው የሚገባው።»

«አንቺ ደግሞ አንናገርም ብለን ቃል የገባንላትን ልጅ ነው የሸጥሻት። ማራናታ ይህን ስትሰማ ዳግመኛ ለኛ የምትጽፍ ይመስልሻል?» አላት ታረቀኝ።

ሁለቱም ወደ ረድኤት ዞሩ።

«እኔ ባላስተምራት የሚቀየርም የሚነገርም ጽሑፍ አይኖርም ነበር» አለች ረድኤት። «ባልነሳ ደግሞ ሰው ግማሹን ብቻ ሰምቶ ይሄድ ነበር። ግማሹ ብቻውን ስድብ ነው።» ቁልፉን አየችው። «እና... እፈልገዋለሁ። ቁልፉን እፈልገዋለሁ።»

«እዩዋት ቀበጧን!» አለች ምንታምር እየሳቀች። «ቅዳሜ እኛ ስንሯሯጥ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነሽ እኮ ነው! እሳቱን የለኮስሽውም አንቺ ነሽ።»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለች ረድኤት። ሦስቱም ሳቁ። ሳቁ እንጂ አልተስማሙም። ዝናብ ሲጀምር ቁልፉ ረድኤት ጋ እንዲያድር ተባለ፣ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋር ስለሚገናኝ ብቻ። ታረቀኝ በዝናቡ ውስጥ እየሮጠ «አደራ ነው እንጂ ያንቺ አይደለም!» ብሎ ጮኸባት።

ሰኞ ጠዋት ረድኤት መጀመሪያ ያደረገችው ይህን ነው። ልጆቹ ሳይመጡ ክፍሉን ከፈተች። ቁልፉን ሰሌዳው አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ሰቀለችው። የቅዳሜውን ጥቅስ አጠፋች። ጠመኔ አነሳችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦

«አንዱ ዋሸ፣ ግን በሁሉም ፊት እውነቱን መለሰ። አንዷ ቃሏን አፈረሰች፣ ግን ለአንድ አባት የማሰቢያ ጊዜ ሰጠች። አንዷ እሳቱን ለኩሳ ተደበቀች፣ ግን በመጨረሻ ከፊቱ ቆመች። መጋቢ አትሁኑ፣ ከጎናችሁ ካለውም አትገልብጡ፣ የራሳችሁን ጻፉ። ቁልፉ ለማን ይገባል?»